ርስትና እጅ መንሻ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ፦ የጆሃንስበርግ ታሪክ ለክርክራችን የሚያበረክተው

አንድ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ሲል ያስተማረውን ሰው ልጅ ከሌሎች አመልካቾች አስቀድሞ ቢቀበል፣ ወይም ሕንፃ ያሠራለት ባለጸጋ ለልጁ ወንበር ቢያገኝ፣ ፍትሕ ተጓድሏል ወይስ አልተጓደለም? ጥያቄው በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሞቅ ያለ ክርክር አስነሥቷል። በጆሃንስበርግ የምንኖረው ከዳር ሆነን ስናዳምጥ ቆይተናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከምንኖርበት ከተማ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ጋር ማገናዘብ ነው። እዚህ ጉዳዩ በሌላ ስም ስለሚጠራ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑን አያስተውልም። (የዘመን አቆጣጠሩ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

የእንግሊዝኛውን መጠሪያ ቃል በቃል ከመመለስ ይልቅ ከራሳችን ታሪክ ሁለት ቃላት መዋስ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። በትውልድ የሚገኘውን ቅድሚያ ርስት፣ በስጦታ የሚገኘውን እጅ መንሻ እለዋለሁ። ርስት ከአቅኚው አባት በመወለድ ብቻ የሚጠየቅ መብት ነበር፤ እጅ መንሻ ደግሞ ደጅ የሚጠና ሰው ፊት ለማግኘት ይዞት የሚቀርበው ነው። ንጽጽሩ በሁሉም አቅጣጫ አይሠራም። የጎጃምና የበጌምድር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ከአቅኚው የወረደ ሁሉ ይጠይቀው ስለነበር፣ ትውልድ ቆጥሮ ድርሻዬን የሚለው ሰው ብዛት ሙግቱን ማለቂያ አሳጥቶት ኖሯል። በዚህ ረገድ ያገራችን ርስት ከአሜሪካው እጅግ የሰፋ ነበር ለማለት ይቻላል።

የአሜሪካውን ልማድ ባጭሩ ላስታውስ። የተመራቂ ልጆችን ማስቀደም እንደ ደንብ የተያዘው በ1920ዎቹ ነው። የሃርቫርድ ፕሬዚደንት የነበሩት አቦት ሎውረንስ ሎዌል በ1922 የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር እንዲገደብ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ፈተናውን በብዛት ያልፉ የነበሩት የስደተኞች ልጆች ነበሩ፤ ፈተናው ብቻውን ማጣሪያ ሆኖ ከቀጠለ ነባሮቹ ቤተሰቦች ቦታ እንደሚያጡ ታወቀ። «ጠባይ»፣ «ቤተሰብ»፣ «የተመራቂ ልጅነት» የተባሉት መመዘኛዎች ክብደት ያገኙት በዚህ ጊዜ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በሃርቫርድ ላይ በተመሠረተው ክስ ምክንያት የቅበላው መዝገብ ለሕዝብ ሲወጣ፣ የተመራቂ ልጆች ከሦስት አመልካቾች አንዱ ገደማ ሲገባ ከሌሎቹ የሚገባው ከመቶ ስድስት ያህል እንደነበረ ታየ። በክሱ የከሳሾቹ ባለሙያ ምስክር የነበሩት ፒተር አርሲዲያኮኖና ባልደረቦቻቸው በ2019 ባቀረቡት ጥናት፣ ከተቀበሉት ነጮች 43 በመቶው ወይ ስፖርተኛ፣ ወይ የተመራቂ ልጅ፣ ወይ የመምህራንና የሠራተኞች ልጅ፣ አለዚያም ዲኑ በልዩ መዝገብ የያዛቸው የለጋሾች ወገን ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 ዘርን መሠረት ያደረገውን ቅበላ ሲሽር ርስቱንና እጅ መንሻውን አልነካም። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት ልማዱን በሕግ ከልክለዋል፤ ካሊፎርኒያ በ2024 የግል ዩኒቨርሲቲዎችን ጭምር የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ግን ማንም ሳያስገድደው በ2014 ትቶታል።

የእኛ ሰዎች ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «መሬት ላራሹ» እያለ በ1965 አደባባይ ከወጣው ትውልድ ብዙዎቹ ስደት ወስዷቸው በታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረዋል፤ አስተምረዋልም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በተመራቂነት መዝገብ ባለ ርስት ሆነዋል። «ነጮቹ መቶ ዓመት ሲገለገሉበት ኖረው፣ ተራው ለእኛ ልጆች ሲደርስ በሩ የሚዘጋው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ የሚጠይቁትም የማከብራቸው ታላላቆቼ ናቸው። ጥያቄው እንደ ስግብግብነት ተቆጥሮ የሚናቅ አይደለም። ጥቁር አሜሪካውያን ተመራቂዎችም ተመሳሳይ ቅሬታ አሰምተዋል። በመሬት ላይ ርስትንና ጉልትን ያወገዘ ትውልድ በዕውቀት ደጃፍ ላይ ርስት ሲያገኝ ምን ይበል? ወደ ጆሃንስበርግ የምሻገረው ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባጭር ስሙ ዊትስ፣ ትውልዱ ከማዕድን ነው። በ1896 በአልማዝ ከተማዋ በኪምበርሊ የተከፈተው የማዕድን ትምህርት ቤት በ1904 ወደ ወርቁ ከተማ ወደ ጆሃንስበርግ ተዛወረ። ከወርቅና ከአልማዝ ከበለጸጉት «የራንድ ጌቶች» አንዱ የነበሩት አልፍሬድ ባይት በ1906 ሲሞቱ በጆሃንስበርግ ለሚቋቋም ዩኒቨርሲቲ 200 ሺህ ፓውንድ ተናዘው ነበር፤ ፍራንከንቫልድ የተባለውን ሰፊ መሬታቸውንም ቀደም ሲል ለትምህርት ሰጥተዋል። ዩኒቨርሲቲው ግን ሳይቋቋም ቆየ። በ1916 መንግሥት ገንዘቡ በኬፕታውን ለሚቋቋመው ዩኒቨርሲቲ እንዲውል በሕግ ወሰነ። የጆሃንስበርግ ነጮች ተቆጡ፤ የሕዝብ ስብሰባ ተጠርቶ ዩኒቨርሲቲ የማቋቋም ዘመቻ ተጀመረ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት በሚልነር ፓርክ ቦታ ሰጠ፤ የማዕድን ኩባንያዎችና ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጡ። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲዋን ያገኘችው የለጋሹ ኑዛዜ ወደ ሌላ ከዞረባት በኋላ ነው። የሟች ኑዛዜ እንኳ በአገር ሕግ ፊት እንዲህ የሚታጠፍ ከሆነ፣ «የለጋሽ ፈቃድ አይነካም» የሚለው የዛሬው ክርክር በታሪክ ያን ያህል የጸና መሠረት የለውም።

ዊትስ ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ያገኘው ከመጋቢት 1 ቀን 1922 ጀምሮ ነው። ቀኑን ልብ ይሏል። በዚያው ሳምንት ጆሃንስበርግ በነጭ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ስትናወጥ ነበር። የማዕድን ባለቤቶቹ ወጪ ለመቀነስ ለነጮች ብቻ ተከልሎ የነበረውን የሥራ መደብ በርካሽ ለሚከፈላቸው ጥቁሮች ሊከፍቱ አስበዋል በሚል የተነሣው አድማ ወደ አመፅ ተለውጦ፣ መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን ደመሰሰው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት፣ አገረ ገዢው ልዑል አርተር ቻንስለር፣ ወጣቱ ያን ሆፍማየር ርእሰ መምህር ሆነው ዩኒቨርሲቲው በክብር ተመረቀ። ስድስት ፋኩልቲዎች፣ 73 መምህራንና ከሺህ ጥቂት የሚበልጡ ተማሪዎች ነበሩት።

ለመሆኑ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ለጋሽ ማን ነበር? በእብነ በረድ ላይ የተጻፉት ስሞች የባለ አክሲዮኖቹ ናቸው። ወርቁን ከምድር ሆድ ያወጡት ከባሱቶላንድ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከትራንስካይ በውል እየተመለመሉ የመጡት፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ተከልክለው በካምፕ የኖሩት ሰዎች ነበሩ። የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊው ፍራንሲስ ዊልሰን በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ የጥቁር የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ደመወዝ የገንዘቡ የመግዛት ኃይል ሲሰላ በ1969 ከነበረው የ1911ዱ ቢበልጥ እንጂ እንደማያንስ አሳይተዋል። ይህን ያህል ዘመን ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ ከፊሉ ትርፍ ሆነ፤ ከትርፉም ጥቂቱ ስጦታ ሆነ። እጅ መንሻ ወንበር ያስገኛል የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ቢያወርዱት፣ በዊትስ ደጃፍ ቅድሚያ የሚጠይቀው የሞዛምቢኩ ሠራተኛ ልጅ በሆነ ነበር።

የሞዛምቢክ ልጅም መጥቶ ነበር። ኤድዋርዶ ሞንድላኔ በ1940ዎቹ መጨረሻ ማኅበራዊ ሳይንስ ለመማር ዊትስ ገቡ። በ1948 ምርጫ ሥልጣን የያዘው የአፓርታይድ መንግሥት በ1949 የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ማደስ እንቢ አለና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ተባረሩ። ተማሪዎች ተቃወሙ፤ አልረዳም። ሞንድላኔ በኋላ አሜሪካ ሄደው ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ፤ ፍሬሊሞን መርተው በ1969 በዳሬሰላም በቦምብ ተገደሉ። ከዩኒቨርሲቲ ያስወጣቸው የፈተና ውጤት አልነበረም፤ ያልታደሰ ወረቀት ነው። የጥገኝነት ወረቀቱን በየጊዜው ለማሳደስ በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደጅ ተሰልፎ ለሚውለው የእኛ ወጣት ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ኔልሰን ማንዴላ በ1943 በሕግ ፋኩልቲ ሲመዘገቡ ብቸኛው አፍሪካዊ እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ያኔ «ክፍት» ይባል ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ወደ ውጭ ሄዶ መማር ስላልተቻለ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች በሕክምና ትምህርት ቤቱ ይገቡ ነበር። በክፍል አብረው ይማራሉ፤ በመዋኛው፣ በስፖርቱና በጭፈራው ምሽት ግን ዘር ይለያቸዋል። ማንዴላ የሕግ ዲግሪውን ሳያገኙ ዊትስን ለቀቁ። ሠርቶ እያደረ፣ በጥቁሮች አውቶቡስ እየተመላለሰ፣ መብራት በሌለው ሰፈር በሻማ ያነብ የነበረ ተማሪ ከሃውተን ቪላ ከመጣው ጋር አንድ ፈተና ሲቀመጥ፣ ውጤቱ ዕውቀታቸውን ብቻ እንደሚለካ አድርጎ መናገር ያስቸግራል።

ያም በር ቢሆን አልቆየም። በ1959 «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማስፋፊያ» የሚል ስም የተሰጠው ሕግ ወጣ። (ማጥበቢያን ማስፋፊያ ብሎ መሰየም የአምባገነኖች ሁሉ ልማድ ነው፤ እኛም ብዙ አይተናል።) ከዚያ ወዲህ ነጭ ያልሆነ ሰው በዊትስ ለመማር የሚኒስትር ፈቃድ አስፈለገው። ለሶቶ፣ ለሶንጋና ለቬንዳ ተናጋሪዎች ቱርፍሉፕ፣ ለዙሉዎች ንጎዬ፣ ለክልሶች ዌስተርን ኬፕ፣ ለሕንዶች ደርባን፤ ለእያንዳንዱ ጎሣ የራሱ ኮሌጅ ተሠራለት። ፈቃድ የሚሰጠው አመልካቹ የፈለገው ትምህርት በጎሣው ኮሌጅ የማይሰጥ ሲሆን ስለነበር፣ ሊማር የሚሻው ወጣት ከዝንባሌው ይልቅ ኮሌጁ የሌለውን ትምህርት እየፈለገ ያመለክት ጀመር። የዊትስ መምህራንና ተማሪዎች በዚያ ዓመት ተሰብስበው ተቃውሟቸውን በይፋ አወጁ። መቃወማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ በሩ ግን ተዘጋ። በ1983 መንግሥት ፈቃዱን በዘር ኮታ ሊተካ ሲሞክር ዩኒቨርሲቲዎቹ አንቀበልም ብለው ኮታው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በዚያ ዐሥርት ዓመት ውስጥም የፈቃዱ ሥርዓት እየላላ ሄዶ አበቃ። አፍሪካነሮች በበኩላቸው በዚያው ከተማ በ1960ዎቹ የራንድ አፍሪካንስ ዩኒቨርሲቲን አቋቁመው ነበር፤ እዚያ የበሩ ቁልፍ ቋንቋው ነው።

እዚህ ላይ የአሜሪካውና የደቡብ አፍሪካው ታሪክ የሚለያዩበት ነጥብ ይታያል። በአሜሪካ ሕጉ ማንንም በግልጽ ስለማያግድ ርስት በቅበላው ቅጽ ላይ መጻፍ ነበረበት፤ «አባትህ የት ተማረ?» የሚለው መስመር አስፈላጊ ሆነ። በጆሃንስበርግ መስመሩ አላስፈለገም፤ ርስቱ በአገሪቱ ሕግና በመሬቷ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የ1950ው የሰፈር ክልል አዋጅ ማን የት እንደሚኖር ወሰነ። ከ1955 ጀምሮ የሶፊያታውን ጥቁር ነዋሪዎች በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ሜዶውላንድስ ተወሰዱ። ነጩ ቤተሰብ በሃውተን፣ በፓርክታውን፣ በሪቮኒያ ቤቱን ለልጁ አወረሰ፤ ከቤቱም ጋር ትምህርት ቤቱን።

አፓርታይድ በ1994 ሲወድቅ የዘሩ ሕግ አብሮ ወደቀ፤ አድራሻው ግን ቦታው ላይ ቀረ። የ1996ቱ የትምህርት ቤቶች ሕግ የመግቢያ ፈተናን ከልክሏል፤ የወላጆች ጉባኤ ክፍያ እንዲወስንና የቅበላ መመሪያ እንዲያወጣ ደግሞ ፈቅዷል። የቀድሞ የነጭ ትምህርት ቤቶች በክፍያው ተጨማሪ መምህራን ቀጠሩ፤ ለቅበላም በአካባቢው የሚኖር ልጅ ይቅደም አሉ። በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የቆየው የአምስት ኪሎ ሜትር ክበብ ይህ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ስንል የመሬት ርቀት ይመስላል፤ ክበቡ በማን ሰፈር ዙሪያ እንደሚሠመር ስናይ ግን የ1950ው ካርታ ይወጣል። በ2010 የሪቮኒያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ሞልቷል» ብሎ አንዲት ሕፃን አልቀበልም ሲል የተነሣው ሙግት እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 ውሳኔ አገኘ። ጉባኤው መመሪያ ማውጣት ይችላል፤ መመሪያው ግን መንግሥትን ፈጽሞ የሚያስር አይደለም፤ መንግሥትም ጣልቃ ሲገባ በአግባቡና አስቀድሞ ተመካክሮ መሆን አለበት ተባለ። ክፍለ ሀገሩ በ2018 ክበቡን ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አሰፋ። በ2024 የወጣው ማሻሻያ ሕግ ደግሞ በቅበላ ላይ የመጨረሻውን ቃል ለክፍለ ሀገሩ የትምህርት ኃላፊ ሰጠ፤ ብርቱ ተቃውሞም አስነሣ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃው ውጤት የሚዘራው ልጁ በስድስት ዓመቱ በተመዘገበበት በር ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ሙግት የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ሙግት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዩኒቨርሲቲው በር ደግሞ ክፍያው ይጠብቃል። በጥቅምት 2015 ዊትስ ለተከታዩ ዓመት የ10.5 በመቶ ጭማሪ ሲያቅድ ተማሪዎች መግቢያዎቹን ዘጉ፤ ተቃውሞው በቀናት ውስጥ አገሪቱን አዳረሰ። በዚያው ወር ፕሬዚደንት ዙማ ጭማሪው ዜሮ እንዲሆን ወሰኑ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የዓመት ገቢው እስከ 350 ሺህ ራንድ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ ትምህርቱ በመንግሥት ወጪ እንዲሆን አስታወቁ። ከዚያ መጠን ጥቂት ከፍ ያለው የመምህርና የነርስ ልጅ ግን መሐል ላይ ቀረ።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው የሕክምና ትምህርት ነው፤ ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ እልፍ ነውና። የዊትስ የጤና ሳይንስ ፋኩልቲ ከ2015 ቅበላ ጀምሮ ከመቶ ቦታ አርባውን በውጤት ብቻ፣ ሃያውን ከገጠር ለመጡ ብልጫ ላሳዩ ተማሪዎች፣ ሃያውን ከድኾች ትምህርት ቤቶች በውጤት ለቀደሙት፣ ሃያውን ደግሞ ብልጫ ላሳዩ ጥቁርና ክልስ ተማሪዎች እንደሚሰጥ አስታውቆ ነበር። (የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ትምህርት ቤቶች በአካባቢያቸው ድህነት መጠን በአምስት ደረጃ ይመደባሉ፤ የድኾች የተባሉት ከታች ያሉት ሁለቱ ናቸው።) ያልገቡት ልጆች ወላጆች አማረሩ። «ልጄ ሰባት የላቀ ውጤት አምጥቶ እንዴት ይቀራል?» የሚል አባት ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ በአባቶቹ ዘመን የተሠራውን ሥርዓት ልጁ አልሠራውም። ይሁንና የዚያ ልጅ ውጤት በምን እንደተገኘ መጠየቅ ልጁን መክሰስ አይደለም። በሊምፖፖ ገጠር ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ሳይንስ የተማረና አምስት የላቀ ውጤት ያመጣ ልጅ፣ ከሰባቱ ባለቤት ያነሰ ሐኪም እንደሚወጣው የሚያስረዳ ሚዛን በእጃችን የለም። የፋኩልቲው አሠራር ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይ አራተኛው ድርሻ ከሳንድተን የመጣውን የሚኒስትር ልጅና የሶዌቶውን ልጅ በአንድ መዝገብ ማስቀመጡ አያስደስተኝም። የሚኒስትሩን ልጅ የሚረዳው ዘሩ ይሁን የአባቱ ሥልጣን በማይለይበት ቦታ አዲስ ርስት ይበቅላል። ነገር ግን የአሠራሩ መመዘኛና ድርሻ አስቀድሞ ታትሞ ወጥቷል፤ ወላጅ ያነበዋል፤ የተበደለ ይከራከርበታል። የ1959ኙ ሚኒስትር ፈቃድ ሲነሣ ምክንያት አይነገርም ነበር። የሃርቫርዱ የዲን መዝገብም እስኪከሰስ ድረስ በመሳቢያ ውስጥ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በኢትዮጵያ ትልቁ የዩኒቨርሲቲ ለጋሽ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከታኅሣሥ 1960ው መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ስሙም በስማቸው ተሰየመ፤ ቻንስለሩም እሳቸው ሆኑ። ሆኖም ይህ ስጦታ የመኳንንቱን ልጆች ለማስገባት የቀረበ እጅ መንሻ አልነበረም፤ ታላላቆቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እንግሊዝና እስክንድርያ መላክ ይችሉ ነበር። ስድስት ኪሎ የገባው በብዛት በመልቀቂያ ፈተና ያለፈው የጸሐፊ፣ የነጋዴ፣ የቄስና የመለስተኛ ሹም ልጅ ነው። ከዚህም በላይ በ1958 በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥታ ነበር። በጆሃንስበርግ በሩ ለጥቁር በሚዘጋበት ዘመን የኬንያና የኡጋንዳ ልጅ በአዲስ አበባ ይገባ ነበር ማለት ነው። የእነዚያ እንግዶች ነጻ ንግግር ለተማሪው እንቅስቃሴ ያደረገው አስተዋጽኦ በብዙ ጸሐፊዎች ተመስክሯል፤ ለጋሹ ንጉሥ ያላሰቡት ፍሬ ነበር።

ስለዚህ እኛ ኢትዮጵያውያን በፈተና ላይ ያለን እምነት ጽኑ ነው፤ ከድኻ ቤት ያወጣን እሱ ነውና። ግን ፈተናውን ማን ደረሰበት? ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በአሥመራና በጥቂት የአውራጃ ከተሞች የተከማቹ ነበሩ። የሰቆጣና የቦረና ገበሬ ልጅ አልወደቀም፤ አልተፈተነም። ዛሬ ተፈታኙ በዝቷል፤ የተገለጠውም ይኸው ነው። በ2022 ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። መንግሥት ኩረጃን በማስቀረቱ አመስግነነዋል። ፈተናው አልተሸጠም፤ ርስትም አልጠየቀም። አንድም ተማሪ ያላሳለፈውን ትምህርት ቤት ልጆች ግን ከፈተናው አዳራሽ ቀድሞ የጣላቸው ሌላ ነገር አለ፤ ከስድስት ኪሎ መዝገብ ቤት ፈልገን አናገኘውም።

እንግዲህ የታላላቆቼን ጥያቄ ልመልስ። የእኛ ልጆች የሚያገኙት ርስት ይቅር እላለሁ። ምክንያቴ ግን «ፈተናው ብቻ ይፍረድ» ከሚሉት ምክንያት ጋር አንድ አይደለም። በአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ፣ ወላጁ ስደተኛም ቢሆን፣ መጽሐፍ በሞላበት ቤት አድጓል፤ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ በማዕድ ላይ ሰምቷል፤ ርስቱን በቅጹ ላይ ባያገኘው በውጤቱ ላይ አግኝቶታል። ያን መስመር ብንከላከልለት የምናስቀድመው በማን ላይ ነው? በዋሽንግተን ታክሲ በሚነዳው ወንድማችን ልጅ ላይ ነው። ስደታችን አንድ ቢሆንም ዲግሪያችን አንድ አይደለም፤ ርስት በመካከላችን ሲገባ ቀድሞ የሚከፍለን እኛን ነው።

እዚህ በጆሃንስበርግ ይህን በዐይን ማየት ይቻላል። ከ2014 ወዲህ በስመ ጥሯ ታጋይ በራሂማ ሙሳ ስም በሚጠራው፣ የእኛ ሰው ግን እስከ ዛሬ ጄፒ በሚለው ጎዳና ላይ ሜዲካል አርትስ የሚባል ሕንፃ አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው ፎቆቹ በአንድ ዘመን የሐኪሞች መመርመሪያ ነበሩ። ሐኪሞቹ ወደ ሰሜን ሰፈሮች ሲሸሹ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወገኖቻችን ክፍሎቹን እየሸነሸኑ የልብስ፣ የብርድ ልብስና የቡና ሱቅ አደረጓቸው። ከሱቁ ጀርባ የቤት ሥራዋን የምትሠራ ልጅ አይቼ አውቃለሁ፤ አባቷ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ሒሳብ ትሠራ ነበር። ሐኪም መሆን ትሻለች። የጥገኝነት ጠያቂ ልጅ የመማር መብት እንዳለው የደቡብ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2003 ወስኗል። የመንግሥት ድጎማው በመሠረቱ ለአገሪቱ ዜጎች ስለሆነ ክፍያውን አባቷ ከሱቁ ማውጣት ይኖርበታል። በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ መዝገብ የአያቷ ስም የለም። ያላት ውጤቷ ነው፤ ውጤቷም የሚወሰነው በየትኛው ሰፈር ቤት በተከራዩበትና በየትኛው ትምህርት ቤት በተመዘገበችበት ነው። አባቷ ሲያማክረኝ የጠየቀኝ ስለ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ስምንተኛ ክፍል በየትኛው ትምህርት ቤት ቢያመለክት እንደሚሻል ነው።